አጽድታችሁ ስላጠፋችኋቸው አራት ጣቶች

ለክቡር የነዋሪዎች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለው ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሙሉ ስል ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሁለቱም ጆሮዎችዎ በየቦታቸው፣ ፀጉርዎ በራስዎ ላይ፣ አሥሩም ጣቶችዎ ከነጥፍራቸው እንዲሰነብቱልዎ ነው። እንዲህ አንድ በአንድ የምዘረዝረው፣ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ያለፈ ሰው አካሉን ቆጥሮ መረከብ እንዳለበት በቅርቡ ስለተማርኩ ነው። ቤተሰብዎም፣ በተለይ ከኋላዎ ቆመው ለዚህ ወንበር ያበቁዎት ሁሉ፣ ደኅና ይሁኑ።

ክቡርነትዎ አያውቁኝ ይሆናል፤ ኮትዎ ግን ያውቀኛል። ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በመድኃኒት መደብሩ መካከል በተሸጎጠችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ረዥም መስታወት ይዤ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጥበቃዎችዎን እጅጌ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሾፌርዎ ወገቡ እንዲጠብ ብሎ ያመጣልኝ ጥቁር ሰማያዊ ኮትዎም ይህን ስጽፍ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። የፊታችን ሰኞ «ንጹሕ ፎቶ ለንጹሕ መዝገብ» ለተሰኘው ዘመቻዎ ሽልማት ሲቀበሉ የሚለብሱት እሱን መሆኑን ሾፌርዎ አጫውቶኛል። እንኳን ደስ አለዎ። ሥራ ሌላ፣ ቅሬታ ሌላ ነውና ስለ ኮቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ማቅረቤ፣ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ወረቀት አያነብም ስለተባልኩ ነው። ቁጥር ያለውንም እንደማያነብ ካሁን በፊት ካስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ተረድቻለሁ። ይህኛውን በአደባባይ ያወጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርስዎ ባያነቡት እንኳ ጎረቤት ያነበዋል።

አንደኛ፤ በመስኮት ቁጥር አራት ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ። ጀርባው ነጭ፣ ወጥና ንጹሕ ያልሆነ ፎቶ ተቀባይነት እንደሌለው፣ ሆኖም ጽሕፈት ቤቱ ለባለጉዳይ ካለው አክብሮት የተነሣ የፎቶውን ጀርባ በኮምፒውተር እንደሚያጸዳ ይገልጻል። እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋዋ ተነሥታ መስኮቱ ጋ የምትደርሰው ግድግዳ ይዛ ነው፤ የእናንተ ፎቶ ማንሻ በርጩማ ደግሞ ከምድር ቤት፣ ሃያ ሁለት ደረጃ ወርዶ ይገኛል። ይህን ለመስኮት አራቷ ሠራተኛዎ፣ መነጽሯን በሰንሰለት ለምታንጠለጥለው፣ ብነግራት አዘነችልኝ። ፊቷ በደንብ የሚታይበት የቅርብ ጊዜ ፎቶ ካለ አምጪው፣ ጀርባውን እኛ እናጸዳዋለን አለችኝ። ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሐሙስ ከመታወቂያው ጋር ትወስጂዋለሽ አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ሐሙስ አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔም አፈርኩና ፎቶውን ሰጥቼ ወጣሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፎቶው ራሱ፤ ይህ ትንሽ ይረዝማልና ክቡርነትዎ ሻይዎን ያስመጡ። በሠፈራችን አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ካሜራውን ሳያነሣ በፊት «ቀና በሉ!» ስለሚል ስሙም ቀና በሉ ሆኖ ቀረ። የቀና በሉ ሱቅ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ እርጥበትም የበላው ስለነበር ለመታወቂያ የሚሆን ነጭ ጀርባ አልነበረውም። የነበረው አንድ ነጭ አንሶላ ነው፤ ያንንም የሚሰቅልበት ሚስማር ግድግዳው አልይዝ ስላለው፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው አንሶላ የሚይዝለት ሰው ይዞ ይመጣ ነበር። ባል ለሚስቱ ይይዛል፣ እህት ለወንድሟ ትይዛለች፤ ብቻውን ለመጣ ደግሞ አባቴ ይጠራለታል። አባቴ አናጢ ነበር። የሥራ ቦታው ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ ቁመቱ ሎጋ፣ አፉም እምቢ ማለት ያልለመደ ሰው። መጋዙን ያስቀምጥና ከክንዱ ላይ ሰጋቱራውን አራግፎ ይመጣል፤ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ከአንሶላው ኋላ ይቆማል። የሠፈሩ ሰው ግማሹ መታወቂያ ያወጣው እንዲህ ነው። የእኔ የፈተና ፎቶ፣ የወንድሜ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ፣ የእናቴ የክሊኒክ ካርድ ፎቶ እንዲሁ ነው። ቤታችን ውስጥ ባለው ፎቶ ሁሉ አባቴ አለ፤ በአንዱም ላይ ግን አይታይም።

እሱ ራሱ መነሣት አይወድም ነበር። ና እስቲ አንዴ ከፊት ሁን ስንለው፣ እኔን ለማየት እናንተ አላችሁ፣ ፎቶ ምን ይሠራልኛል ይለን ነበር። ሠርጋቸውም ያለ ፎቶ ነው ያለፈው። በዕድሜ ልኩ አንድ የመታወቂያ ፎቶ ተነሥቷል፤ ያን ጊዜ አንሶላውን የያዘችለት እናቴ ነበረች። እሱንም መታወቂያ ሲሞት በደንባችሁ መሠረት ለእናንተው አስረከብን። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ከስድስት ዓመት በፊት እናቴ ፎቶ አስፈልጓት ሁለቱ አብረው ወደ ቀና በሉ ሄዱ። አባቴ ያን ጊዜ ታሟል፤ እጆቹን እንደ ልማዱ ሽቅብ ዘርግቶ መቆየት ስላቃተው አንሶላውን ዝቅ አድርጎ ያዘው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ከእናቴ ግራ ትከሻ በላይ፣ ከጆሮዋ አጠገብ፣ አራት ጣቶች አንሶላውን ጨብጠው ታዩ። ጠቋሚ ጣቱ ከአንጓው ላይ አጭር ናት፤ መጋዝ የበላት እኔ ሳልወለድ ነው። ቀና በሉ አፍሮ፣ እንደገና ላንሣሽ ወይም ጠርዙን ልቁረጠው ቢላት እናቴ፣ ተወው፣ የሱ እጅ አይደል ወይ አለችው። አባቴ በአምስተኛው ወር ሞተ። ቀና በሉም ሱቁን ዘግቶ አገር ለቀቀ፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም፤ አባቴ የሚታይባት ያቺ ፎቶ ብቻ ቀረች። እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ከራስጌዋ መሳቢያ ውስጥ ታኖራት ነበር። ጠዋት ጠዋት ታወጣታለች፤ የራሷን ፊት አይደለም የምታየው፤ አውራ ጣቷን እነዚያ አራት ጣቶች ላይ አሳርፋ ትንሽ ትቆይና መልሳ ትጠቀልላታለች። ለእኔ ስትሰጠኝ፣ ሐሙስ ትመለሳለች አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። አዎ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሌላውን ጥፋት ሁሉ ለእናንተ ብሰጥ ይህቺን ለማንም መስጠት አልቻልኩም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥራው ጥራት። ሐሙስ ዕለት መታወቂያው በሰዓቱ ወጣ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። እኔም መቀስ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና እንደ ሙያ ባልደረባ ጥቂት አስተያየት ብሰጥ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ። በምድር ቤት ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ባለሙያዎ አሠራሩን በኩራት አሳየኝ። በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ውስጥ የአስማት ዘንግ የሚሉት መሣሪያ አለ፤ በዚያ ዘንግ ነጩን አንዴ ነካ ሲያደርጉት ነጭ የሆነው ሁሉ ይመረጣል፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። ድንቅ ነው። ችግሩ የእናቴ ፀጉርም ነጭ መሆኑ ነው። ዘንጉ አንሶላን ከሽበት መለየት አልተማረም፤ የሚይዘውም ሰው እንዲሁ። እናቴ በመታወቂያዋ ላይ እስከ መሀል አናቷ ተላጭታ፣ የቀረው ፀጉሯም በደነዘዘ መቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ ተዘነጣጥሎ ወጥታለች። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው እስካሁን ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ግራ ጆሮዋ ደግሞ ለጣቶቹ ቅርብ ስለነበር አብሯቸው ሄዷል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለመሥሪያ ቤትዎ የቆየ ልማድ ነው፤ የባለጉዳይን ጆሮ ቆርጦ ማስቀረት ግን እድገት ነውና እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። መስኮት ሁለት ላይ፣ ፎቶው አንድ ጆሮ ብቻ ስለሚያሳይ ባለመታወቂያዋ ሁለት ጆሮ ያላት ስለመሆኑ የሐኪም ማስረጃ አምጪ ተብዬ አምጥቻለሁ። ሐኪሙ እየሳቀ ነው የጻፈው። «ሁለቱም ጆሮዎች በተፈጥሮ ቦታቸው ይገኛሉ» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ክቡርነትዎም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ማስረጃ ያለዎት አይመስለኝም።

ባለሙያዎ ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ሥራው ያልገባኝ መሰለው። ስለዚህ ጣቱን እስክሪኑ ላይ አስቀምጦ፣ «የሆነ ሰው እጅ ገብቶበት ነበር እህቴ፤ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁልሽ» አለኝ። ያለው በፈገግታ ነው፤ ምስጋና እየጠበቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ ሰው የሚባለውን አውቃለሁ፤ ደረጃውን ድጋፉን በእጄ ይዤ እንደ እናቴ ወጣሁት።

አራተኛ፤ ስለ ዋናው ፎቶ። መልሱልኝ ስል፣ ወደ ኮምፒውተር የገባ የወረቀት ፎቶ በአዲሱ መመሪያ በወረቀት መፍጫ ተፈጭቶ እንደሚወገድ ተነገረኝ። መመሪያው የወጣው ረቡዕ ነው። እኔ ፎቶውን የሰጠሁት ሰኞ ነው፤ የተቀጠርኩት ሐሙስ ነው። ለዓመታት አንድ ወንበር መጠገን ያልቻለ መሥሪያ ቤት ረቡዕ የወጣ መመሪያ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲፈጽም ማየት ያስደንቃል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የእናንተው ደግሞ ሰው ነከሰ። የመስኮት አራቷ ሠራተኛዎ ብቻ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ከመላው ሕንጻ ያገኘሁት ይቅርታ እሱ ነው፤ ስሟን አልጠራም፣ እንዳትቀጡብኝ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በሠፈራችን የሠርግ ፎቶ የምታስተካክል ሴት አለች፤ ሄጄ ጠየቅኋት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ቅጂ ያወጣል፣ ቅጂው ላይ ይሠራል፣ ጀርባውንም ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የተሸፈነውን በፈለገ ጊዜ መልሶ ይገልጠዋል አለችኝ። ባለሙያዎ ግን በዋናው ላይ ሠርቶ እዚያው ላይ አስቀምጦታል። ሆኖም ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ማሽን የመጀመሪያውን ምስል በራሷ ማኅደር ውስጥ ታስቀራለች፤ ሰው እስካልደመሰሰው ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ከፍቶ የዚያን ሳምንት ቀን መፈለግ ብቻ ነው አለችኝ። እንግዲህ የአባቴ ጣቶች ምናልባት ከክቡርነትዎ ምንጣፍ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብሎ በአንድ ማሽን ውስጥ አሉ ማለት ነው። ይህን በዝርዝር ጽፌ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ለሁለቱ መልስ የለም። ለሦስተኛው የተሰጠኝ መልስ ደግሞ፣ ጥያቄዬ ከፎቶ ላይ የተወገደ ጀርባን የሚመለከት በመሆኑና ጀርባ የባለጉዳይ አካል ባለመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ የሚያየው እንዳልሆነ በትሕትና ይገልጻል።

አምስተኛ፤ ስለ ባለፈው ማክሰኞ። በክቡርነትዎ ፊርማና በክብ ማኅተም ለእናቴ ደብዳቤ ደረሳት። አዲሱ የቤተሰብ መዝገብ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም ፎቶ ስለሚይዝ፣ የሟች ባለቤቷን ፎቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድታስገባ፣ ካላስገባች ግን በስሙ አንጻር «ማንነቱ በምስል ያልተረጋገጠ» ተብሎ ገጹ እንደሚዘጋ ያስታውቃል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ያልሰማች መስሎኝ ደገምኩላት። ሰምታ ኖሯል፤ በሁለቱም ጆሮዋ።

«ሰጥተናቸው የለም እንዴ?» አለችኝ።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት መሳቢያውን ትከፍታለች፤ ባዶ መሆኑን እያወቀች ትከፍተዋለች፤ አውራ ጣቷን የት እንደምታሳርፍ አጥታ መልሳ ትዘጋዋለች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቱ አቃተኝ። ተናድጃለሁ። ፎቶ ስለተበላሸ አይደለም፤ ልብስም ይበላሻል፣ አበላሽቼ አውቃለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄ ጨርቅ ተክቻለሁ። የተናደድኩት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሁሉ ነጭ ጀርባ ሆኖ ቆሞ፣ አንድ ቀን ደክሞት አራት ጣት ቢያሳይ፣ እናንተ እሱንም እንደ ቆሻሻ አይታችሁ ስለጠረጋችሁት፣ ከጠረጋችሁት በኋላም መጥታችሁ የት አለ ብላችሁ ስለጠየቃችሁን ነው። ማንነቱ ያልተረጋገጠው አባቴ አይደለም። ያንን መጋዝ የበላውን ጣት የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀው ነበር።

በሙያችን አንድ ሕግ አለ። ጨርቁ የደንበኛው ነው፤ ከጨርቁ የተረፈውም ቁርጥራጭ የደንበኛው ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ ይቆርጣል፤ ልብሱን ሲያስረክብም ቁራጩን አጣጥፎ ከኪሱ ይከትለታል፤ ያ ልብስ ነገ በምን እንደሚጣፍ አይታወቅምና። ቁራጭ የሚያስቀር ልብስ ሰፊ በሠፈሩ ሌባ ይባላል። ከእናንተ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መታወቂያውን ያዙት፣ ጆሮውንም ተዉት፣ የሐኪም ማስረጃ አለን። የቆረጣችሁትን ቁራጭ ብቻ መልሱልን።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ፍጥነትዎ፣ ስለ ንጽሕናዎም በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ መዝገብዎ እንደ ክረምት ሰማይ ሳይሆን እንደ ታጠበ ሳህን ባዶና ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር፣ ሰኞም ዕለት አዳራሹ በጭብጨባ እንዲሞላልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ማንነቱ በምስል ካልተረጋገጠው አናጢ የተወለድኩ፣ ማንነቴም ከዚህ የተነሣ ሳያጠራጥር የማይቀር፣ ሁልጊዜም ከመስኮትዎ ትይዩ የምገኝ፣

የፊት ለፊቷ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ስለ ኮቱ ልረሳው ነበር። ኮትዎ አልቋል፤ ሾፌርዎ መጥቶ መውሰድ ይችላል። ወገቡ ጠቧል፣ ኮሌታው ተተኩሷል፣ ሦስቱም ቁልፎች ጠብቀዋል፤ ከፊት ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ጀርባውን ግን ቆርጬ አንሥቼዋለሁ። ከመሥሪያ ቤትዎ እንደተማርኩት ጀርባ የባለጉዳይ አካል አይደለም፤ ሽልማት የሚቀበል ሰውም ፊቱን እንጂ ጀርባውን ለማንም አያሳይም፤ ስለዚህ ከትከሻ እስከ ጫፍ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁልዎ። ቁራጩ አልተፈጨም። በላስቲክ ጠቅልዬ ከመሳቢያዬ አኑሬዋለሁ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት አራቱን ጣቶች ይዘው ከመጡ ቁጭ ብለው ሳሉ መልሼ እሰፋልዎታለሁ፤ ስፌቱም አይታወቅም።